የቡታጋዝ መፍሰስ፣ እሳትና ፍንዳታ የሚያሰሉ ሶፍትዌሮች፦ አሎሃ የሚሰጠንን ቀጠና ምን ያህል እንመነው?

የአቃቂዋ መሐንዲስ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ የምሠራ የኬሚካል መሐንዲስ ነኝ። በአዲስ አበባ ዳርቻ ሊተከል ለታሰበ የቡታጋዝ ማከማቻና የሲሊንደር መሙያ ጣቢያ የእሳትና የፍንዳታ አደጋ ትንተና እንድናቀርብ ተጠይቀናል። ጣቢያው 20 ቶን የሚይዝ አንድ አግዳሚ ታንክ ይኖረዋል፤ ጋዙ የሚመጣውም በቦቴ ነው። በምሥራቅ በኩል የመጀመሪያዎቹ መኖሪያ ቤቶች ከታንኩ 120 ሜትር ይርቃሉ። በሰሜን በኩል አጥሩን ተከትሎ ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ዛፍ ተክል አለ። በደቡብ በኩል መሬቱ እየተዳፋ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ነው።

እስካሁን የተጠቀምኩት አሎሃ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «ይህ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የተሠራ ፈጣን መገመቻ እንጂ የምህንድስና መሣሪያ አይደለም፤ ፋስትን ወይም ፍላክስን ካልገዛን ሪፖርቱ ዋጋ የለውም» ይላል። የእነዚህን የሚሸጡ የአደጋ ማስሊያ ሶፍትዌሮች የፈቃድ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለእኛ ድርጅት የሚታሰብ አይደለም። ደንበኛው በበኩሉ ከእኛ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ ከስንት ሜትር ወዲያ ሰው አይጎዳም? አሎሃ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠኝን መልስ በምን ያህል ልመነው? ልጠይቀው የማይገባኝስ ምንድን ነው?

ሂዩስተን ነዋሪ

ባልደረባዎ ስለ አሎሃ አመጣጥ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ከዚያ የደረሱበት መደምደሚያ ግን የተጣደፈ ይመስለኛል። እኔ በፔትሮኬሚካል ፋብሪካዎች ደህንነት ላይ ስለምሠራ አሎሃንም ፋስትንም እጠቀማለሁ።

አሎሃን በጋራ ያዘጋጁት የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደርና የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ናቸው። ካሜኦ ከተባለው የአደጋ ምላሽ የሶፍትዌር ስብስብ አንዱ ነው። ሲጀመር የሚያሰላው የመርዛማ ጋዝ ስርጭትን ነበር፤ እሳትና ፍንዳታ የተጨመረለት በስሪት 5.4 ነው። አሁን ከቀዳዳ በግፊት የሚወረወረውን የጄት እሳት፣ መሬት ላይ ከተጠራቀመ ፈሳሽ የሚነሣውን የኩሬ እሳት፣ በእሳት የተከበበ ታንክ ተቀዶ ፈሳሹ በቅጽበት የሚፈላበትንና የእሳት ኳስ የሚፈጥረውን ፍንዳታ፣ ማለትም ብሌቪን፣ እንዲሁም የጋዝ ደመና የሚቀጣጠልበትንና የሚፈነዳበትን ስፍራ ይገምታል።

በካርታው ላይ የሚያዩአቸው ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ቀጠናዎች እንዲሁ የተቀቡ አይደሉም። ለሙቀት ጨረር ቀዩ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ዋት፣ ብርቱካናማው 5፣ ቢጫው 2 ኪሎ ዋት ነው፤ በቅደም ተከተላቸው በ60 ሰከንድ ውስጥ ለሞት ሊዳርግ የሚችል፣ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ የሚያደርስና ሕመም የሚያሰማ መጠን ማለት ነው። ለፍንዳታ ግፊት 8 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ሕንፃ ያፈርሳል፣ 3.5 ፒኤስአይ በሰው ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፣ 1 ፒኤስአይ መስታወት ያረግፋል ተብሎ ተወስዷል። ለሚቀጣጠለው ደመና ቀዩ መስመር የሚሰመረው ጋዙ ከዝቅተኛው የመቀጣጠያ ወሰን፣ ማለትም በአየር ውስጥ ሊነድ ከሚችልበት ትንሹ መጠን፣ 60 በመቶ ላይ በሚደርስበት ቦታ ነው። ምክንያቱም ሶፍትዌሩ የሚሰጠው አማካይ ክምችት ነው፤ በእውነተኛው ደመና ውስጥ ግን ከአማካዩ በላይ የታጨቁ ኪሶች ስላሉ እሳት አማካዩ ዝቅ ባለበትም ሊያልፍ ይችላል።

የማይሠራውን ደግሞ እንመልከት። መሬቱን ሜዳ አድርጎ ያስባል፤ ስለዚህ የእርስዎን ወንዝ አያውቀውም። በ10 ሜትር ከፍታ ላይ በሰከንድ ከ1 ሜትር በታች የሆነ ነፋስ አይቀበልም። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ስርጭትም ሆነ ከ10 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ቀጠና አያሳይም። ሲፈነዳ የሚበተነውን የታንክ ስብርባሪ አያሰላም። የጋዝ ድብልቅም አይቀበልም፤ ቡታጋዛችን የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይላል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የፕሮፔን የእንፋሎት ግፊት 8.4 ባር ያህል ሲሆን የቡቴን ከ2 ባር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሁለቱንም አስልተው ልዩነቱን በሪፖርቱ ቢያሳዩ፣ ለጥንቃቄ ደግሞ ፕሮፔኑን ቢይዙ እመክራለሁ።

ከሶፍትዌር ምርጫ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ላንሣ፦ የሰጡት ቀዳዳ ምን ያህል ነው? ከታንኩ በየትኛው ከፍታ ላይስ ነው?

የአቃቂዋ መሐንዲስ

ለዝርዝሩ እጅግ አመሰግናለሁ። ቀዳዳውን 25 ሚሊ ሜትር አድርጌ፣ ከታንኩ ግርጌ አስቀምጬዋለሁ። የመረጥኩት የታችኛው ቧንቧ ስፋት ይህን ያህል ስለሆነ ነው።

ሂዩስተን ነዋሪ

ምርጫው ጥሩ ነው፤ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ግን በእጅዎ ያስሉት። ከፈሳሹ ወለል በታች ባለ የ25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ በተለመደው የፈሳሽ ቀመርና በ0.61 የፍሰት ማስተካከያ ቁጥር፣ ፕሮፔን በሰከንድ 8 ኪሎ ግራም ያህል ይወጣል። ያው ቀዳዳ ከፈሳሹ በላይ፣ ከእንፋሎቱ በኩል ቢሆን የሚወጣው በሰከንድ ከ1 ኪሎ ግራም አይሞላም። ታንኩ፣ ነፋሱም፣ ሶፍትዌሩም ሳይለወጡ መጠኑ አሥር እጥፍ ገደማ ተለያየ ማለት ነው። በአሎሃና በፋስት መካከል እስካሁን ያየሁት ልዩነት ይህን ያህል ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ የባልደረባዎና የእርስዎ ክርክር መሆን ያለበት በሶፍትዌሩ ላይ ሳይሆን «በዚህ ጣቢያ የሚበጠሰው ምንድን ነው?» በሚለው ላይ ነው። እኔ ብሆን ከታንኩ ግድግዳ ይልቅ ቦቴው ሲያራግፍ የሚበጠሰውን ቱቦ አስቀድማለሁ፤ ቦቴው ቱቦው ሳይፈታ ቢንቀሳቀስ ምን ይሆናል? የፍሰት መቆራረጫ ቫልቭ አለ ወይስ የለም? ቫልቩን የሚዘጋው ሰው ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ለአሎሃ የሚሰጡት የፍሰት ጊዜ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ጣፎ 77

ጤና ይስጥልኝ። እኔ መሐንዲስ ሳልሆን በእሳት አደጋ ሥራ ላይ ረጅም ዓመት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስለ ብሌቪ የሚባለውን ልጨምር።

እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1966 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ አቅራቢያ በፌይዛን ማጣሪያ የሆነውን እኛ በሥልጠና ላይ እንማረዋለን። ከፕሮፔን ታንክ ሥር ናሙና ሲወሰድ ቫልቩ በረዶ ሠርቶ አልዘጋ አለ፤ ደመናው ወደ መንገድ ደርሶ በመኪና ተቀጣጠለ፤ እሳቱም ተመልሶ ታንኩን ከበበው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በአቅራቢያ ያሉትን ታንኮች ሲያቀዘቅዙ የሚነደው ታንክ ራሱ ፈነዳ። 18 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ። እሳቱ ከተነሣ እስከ ፍንዳታው ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አልፏል። ለእኛ ዋናው ቁጥር ይህ ጊዜ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን «ብሌቪ» ብለው ሲመርጡ ክበቡን ይስልልዎታል እንጂ በስንት ደቂቃ እንደሚሆን አይነግርዎትም።

ሁለተኛው ነገር ስብርባሪው ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 1984 በሜክሲኮ ሳን ሁዋን ኢህዋቴፔክ በቡታጋዝ ማከማቻ በተከታታይ በደረሰው ፍንዳታ 500 ያህል ሰዎች ሲሞቱ፣ አንዳንዶቹ ታንኮች ከቦታቸው ተነቅለው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ተወርውረዋል። ስለዚህ «ከዚህ ሜትር ወዲያ ሰው አይጎዳም» የሚል ቁጥር በሪፖርታችሁ ላይ ካነበብኩ ሪፖርቱን አላምነውም። እህቴ፣ ቁጥሩን ስትጽፊ «ከዚህ የሙቀት መጠን በታች» ብለሽ ጻፊው እንጂ «ሰው አይጎዳም» አትበይ።

መምህር ገ.

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። የሙቀቱን ቁጥር ግን የበለጠ በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ ከ60 ሰከንድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ።

በተለምዶ በሚሠራባቸው ቀመሮች የእሳት ኳስ ስፋት በሜትር 5.8 ሲባዛ በጋዙ ክብደት ኪዩብ ሩት ነው፤ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ እስከ 30 ቶን ድረስ 0.45 ሲባዛ በዚያው ኪዩብ ሩት ነው። ለ20,000 ኪሎ ግራም ኪዩብ ሩቱ 27.1 ስለሆነ፣ ኳሱ 157 ሜትር ስፋት ኖሮት 12 ሰከንድ ያህል ይቆያል። ማለትም ከታንኩ 120 ሜትር ያሉት ቤቶች ከኳሱ ጠርዝ 40 ሜትር ብቻ ይርቃሉ፤ ይህን ለማወቅ ሶፍትዌርም አያስፈልግም። በአሎሃ ላይ ቀዩ፣ ማለትም የ10 ኪሎ ዋቱ መስመር፣ ለዚህ ክብደት ከ300 ሜትር እንደሚያልፍ ይጠብቁ።

ነገር ግን 10 ኪሎ ዋት «ለሞት ሊዳርግ የሚችል» የተባለው ሰው ለ60 ሰከንድ ሲጋለጥ ነው፤ የእኛ ኳስ ግን በ12 ሰከንድ ያበቃል። የብሪታንያው የጤናና የደህንነት አስፈጻሚ አካል ለዚህ ሲባል ጥንካሬን ከጊዜ ጋር አጣምሮ፣ ኪሎ ዋቱን በአራት ሦስተኛ አርቢ ከፍ አድርጎ በሰከንድ በማባዛት ይለካል፤ 1,000 ላይ የሚደርሰውንም አደገኛ መጠን ይለዋል። በ12 ሰከንድ ወደ 1,000 ለመድረስ በካሬ ሜትር 28 ኪሎ ዋት ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀዩ መስመር ላይ የሚገኝ ሰው በእውነቱ የሚያገኘው ጉዳት ቃጠሎ ነው፤ ለሞት የሚያደርሰው ርቀት ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ይህ ግን ቤቶቹን አያድናቸውም። 120 ሜትር በየትኛውም ሒሳብ በውስጡ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ውሳኔ ታንኩን መቀነስ፣ በአፈር መክደን ወይም ቦታ መቀየር ነው። በአፈር የተከደነ ታንክ በእሳት ሊከበብ ስለማይችል ብሌቪን በተግባር ከዝርዝሩ ያስወጣዋል፤ ደንበኛው ለሶፍትዌር ከሚከፍለው ገንዘብ ይልቅ ለዚህ ቢያውለው ይሻላል ባይ ነኝ።

በርገን ያለው

ሰላም ለሁላችሁ። ፍላክስ በተወለደባት በኖርዌይዋ በርገን ከተማ ስለምኖር በባልደረባዎ በኩል ልቁም፤ ስለ ብሌቪ ሳይሆን ስለ ደመናው ፍንዳታ ነው።

አሎሃ ስለ ደመና ፍንዳታ፣ ከሚቀጣጠልበት ጊዜ ሌላ፣ የሚጠይቅዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ወይም ነበልባል ነው ወይስ ዲቶኔሽን (ከድምፅ የሚፈጥን ፍንዳታ)? ቦታው የተጨናነቀ፣ ማለትም ቧንቧ፣ ዛፍ ወይም ሌላ መሰናክል የበዛበት ነው ወይስ ያልተጨናነቀ? «ያልተጨናነቀ» ካሉት የጎጂው ግፊት መስመር አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አይሳልም። በመካከል ያለ ደረጃ የለም። ለእርስዎ ጣቢያ ይህ ሊያሳስት ይችላል፤ ምክንያቱ ባሕር ዛፉ ነው።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 2005 በእንግሊዝ በበንስፊልድ የነዳጅ ዴፖ ታንክ 912 ከመጠን በላይ ተሞላ፤ የከፍታ መለኪያው ተጣብቆ ነበር፣ ሞልቶ እንዳይፈስ የተገጠመው ማቆሚያም አልሠራም። ከ250,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ከታንኩ አናት ፈሰሰ፤ ጸጥ ባለውና በቀዝቃዛው ንጋት እንፋሎቱ ሰፊ ቦታ ሸፈነ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሲፈነዳ በመኪና ማቆሚያዎቹ አካባቢ የታየው ጉዳት ግፊቱ ከ2,000 ሚሊ ባር እንደሚበልጥ አመለከተ፤ በጊዜው የነበሩ ዘዴዎች ለእንዲህ ያለ ክፍት ቦታ የሚተነብዩት ግን ከ20 እስከ 50 ሚሊ ባር ነበር። 43 ሰዎች ተጎዱ፤ ቀኑ እሑድ ስለነበረ የሞተ የለም። መርማሪዎቹ ነበልባሉን እንዲህ ያፈጠነው በመንገዶቹ ግራና ቀኝ የነበረው ጥቅጥቅ ያለ ዛፍና ቁጥቋጦ መሆኑን ደረሱበት። እሳት በቅርንጫፎች መካከል ሲያልፍ ይበጣጠሳል፣ ይወላገዳል፣ የሚነደው ገጽ ይሰፋል፣ ስለዚህም ይፈጥናል።

ፍላክስ ቧንቧውንም ዛፉንም በሦስት አቅጣጫ አስገብቶ የሚያሰላ ስለሆነ ይህን ማሳየት ይችላል። አሎሃ ግን አያሳይም።

ሂዩስተን ነዋሪ

በበንስፊልድ ጉዳይ አልከራከርም። ከዚያ ተነሥቶ «ፍላክስ ይገዛ» ማለት ግን የሚያስኬድ አይመስለኝም። ፍላክስ በደንብ ለመጠቀም ወራት የሚወስድ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ባልሠለጠነ እጅ የተሠራ ባለሦስት አቅጣጫ ሥዕል ደግሞ ከአሎሃ ክበብ ይልቅ ሰውን ያሳምናል፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው። ለእህታችን ጣቢያ መልሱ ከሥሌት በፊት ያለ ነው፦ ዛፉ ይነሣ፤ አሎሃም «የተጨናነቀ» ተብሎ ይሞከር።

አንዳንዶች በነፃ ስለሚገኝ ኤፍዲኤስን ይጠቅሳሉ። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም ያዘጋጀው ይህ ፕሮግራም ለእሳትና ለጭስ እንቅስቃሴ እጅግ ጥሩ ነው። የተመሠረተው ግን በዝቅተኛ ፍጥነት በሚፈስ አየር ላይ ስለሆነ ለፍንዳታ ግፊት ማዕበል አይሆንም።

በርገን ያለው

ዛፉ እንዲነሣ በምትለው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ነገር ግን ዛፉ ከአጥሩ ውጭ በሌላ ሰው ይዞታ ላይ ከሆነ «ይነሣ» ማለት ቀላል አይሆንም፤ ያን ጊዜ የግፊቱን መጠን ማወቅ ግድ ይላል። ቢያንስ ለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ፈቃዱ ካለው ተቋም ወይም ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር ማሠራት ይቻላል።

መምህር ገ.

ለእኛ አገር ተጠቃሚ ሁለት ሦስት የማስገቢያ ነጥቦች ልጨምር፤ በተማሪዎች ሥራ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ናቸው።

አሎሃ የአሜሪካ ከተሞችን ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ አዲስ አበባን ራስዎ ያስገባሉ። ኬንትሮሱን ሲጽፉ ምሥራቅ መሆኑን ያረጋግጡ። ሰዓቱንም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያስገቡ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለማለት 3 ብለው ከጻፉ ፕሮግራሙ ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል። ቀኑም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም፤ ሶፍትዌሩ የፀሐይን ከፍታ ከዚህ አስልቶ የአየሩን እርጋታ ስለሚወስን፣ ሌሊትና ቀን ሲለዋወጥ የደመናው ርዝመት በብዙ እጥፍ ይቀየራል።

ከፍታውን 2,400 ብለው መጻፍዎን አይርሱ። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ያህል፣ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ነው። በእንፋሎት በኩል ካለ ቀዳዳ የሚወጣው ክብደት የሚወሰነው በታንኩ ውስጥ ባለው ግፊት ስለሆነ ብዙም አይለወጥም። የወጣው ጋዝ ግን በተመሳሳይ ሙቀት አንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ቦታ ይይዛል። የመቀጣጠያ ወሰን የሚለካው በይዘት መቶኛ ነው፤ ለፕሮፔን ዝቅተኛው 2.1 በመቶ ነው። ስለዚህ ደመናው ከባሕር ጠለል ይልቅ እኛ ዘንድ ራቅ ብሎ እየሄደ ሊቀጣጠል ይችላል። ከውጭ የተቀዱ የርቀት ሠንጠረዦች ይህን አያስቡም።

የአቃቂዋ መሐንዲስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እስካሁን ከተባለው ተነሥቼ የማቀርበው ሦስት ትዕይንት ይሆናል፦ የቦቴው ቱቦ መበጠስ፣ የታችኛው ቧንቧ መሰበርና ብሌቪ። ለእያንዳንዱ የቀንና የሌሊት አየር፣ ለደመናው ፍንዳታም ሁለቱንም የመጨናነቅ ምርጫ አሰላለሁ። ለደንበኛው አንድ ቁጥር አልሰጥም፤ ታንኩ በአፈር ቢከደን ምን እንደሚለወጥ የሚያሳይ ንጽጽር እሰጠዋለሁ። ዛፉ ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ስለዚህ በርገን ያሉት ወንድሜ ያሉትን የትብብር መንገድ ለማጣራት እሞክራለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም ከሞላ ጎደል የቆመ ነው። አሎሃ ደግሞ ከ1 ሜትር በታች አይቀበልም። ይህን ሌሊት እንዴት ላቅርበው?

መምህር ገ.

በሰከንድ 1 ሜትር ነፋስና እጅግ በረጋው የአየር ምድብ፣ ማለትም በኤፍ፣ ያሰሉት። የሚወጣውን ርቀት ግን ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ አይሳሉት፤ ነፋስ በሌለበት አቅጣጫ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ያንን ርቀት በሁሉም አቅጣጫ እንደ ክበብ ያዙሩት። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል የከበደ ስለሆነ ደግሞ ክበቡ ብቻውን አይበቃም። የመሬቱን የከፍታ ካርታ ይዘው ከታንኩ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መስመር በእጅዎ ይከተሉ፤ ደመናው ወደዚያ ይንሸራተታልና። በዚያ መስመር ላይ ሌሊት እሳት የሚያነድ ሰው፣ የጥበቃ ቤት፣ ጄኔሬተር ወይም መንገድ ካለ በሪፖርቱ ላይ በስም ይጻፉት።

ጣፎ 77

ከዚያው ጋር አንድ ነገር ተመልከቺ። በበንስፊልድ ደመናውን ያቀጣጠለው በእሳት ማጥፊያው የውኃ ፓምፕ ቤት ውስጥ የነበረ ነገር ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። በእናንተ ዕቅድ ላይ ፓምፑ ውኃ ይቀርበው ተብሎ በወንዙ በኩል ተቀምጦ ከሆነ፣ ከቁልቁለቱ አውጡትና ወደ ምዕራብ፣ ከፍ ወዳለው ቦታ አዛውሩት።